ለሩቅ መንገድ ሞተር ሳይክል እንዴት ይሰናዳል?

የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ዕቃ መጨመር ይወዳል። መብራት፣ ሳጥን፣ የጀርባ መደገፊያ፣ ሬዲዮ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጃኬት፣ የስልክ ማስቀመጫ፣ የማይሸጥ ነገር የለም። ብዙዎች ዕቃውን ገዝተው ከገጠሙ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር በጨመርን ቁጥር ክብደቱም፣ ኤሌክትሪኩም፣ ነፋሱም አብሮ ይለወጣል። ዛሬ እነዚህን ተራ በተራ እናያለን። እግረ መንገዳችንንም ሥራው በባሕርዩ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው የሚጠይቅ መሆኑን፣ የነጂዎች ወዳጅነትም ከዚሁ ሥራ የበቀለ መሆኑን አሳያችኋለሁ።

ለምሳሌ የምንይዘው የሆንዳን ጎልድ ዊንግ ነው። ይህ ሞተር ሳይክል በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲቀርብ 999 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝና ኃይሉን በሰንሰለት ፈንታ በዘንግ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ነበር። ሞተሩ አገር ለማቋረጥ የሚበቃ ነበር። ነገር ግን የነፋስ መከላከያም ሆነ የዕቃ ሳጥን አልነበረውም። አሜሪካውያን ባለቤቶቹ ጉድለቱን ራሳቸው መሙላት ጀመሩ። ክሬግ ቬተር የተባለው ንድፍ ሠሪ ኢሊኖይ ውስጥ ያመርተው የነበረውን ዊንድጃመር የተባለ ትልቅ የፊት መከላከያ ገዝተው ገጠሙ፤ ከጎንና ከጎን ሳጥን አንጠለጠሉ። ሆንዳ ይህን አይቶ በ1980 መከላከያውና ሳጥኖቹ ከፋብሪካ ተገጥመውለት የሚወጣውን ኢንተርስቴት አቀረበ። ዛሬ ከፋብሪካ ተሟልቶ የምናገኘው ምቾት መጀመሪያ የተሞከረው በባለቤቶች ጋራዥ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ማሻሻል የነጂው ጥንታዊ መብት መሆኑን እንድታውቁ ነው። አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ አውጡ። በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሞተር ሳይክሉ የሚሸከመው ከፍተኛ ጭነት ተጽፏል። ይህ ቁጥር ሻንጣውን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነጂው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፣ ልብሳቸው፣ ሄልሜታቸው፣ እኛ የገጠምነው ብረትና መብራት ሁሉ የሚቆጠረው ከእሱ ላይ ነው። የተፈቀደው 190 ኪሎ ነው እንበል። ነጂው 80፣ ተሳፋሪዋ 65፣ የሁለቱ ልብስና ሄልሜት 12 ቢሆን 157 ደረስን። የቀረው 33 ነው። ፖርቶ መጋላው፣ የጎን መከላከያ ብረቱ፣ መብራቱና መደገፊያው በድምሩ 13 ኪሎ ከመዘኑ ለሻንጣ የሚተርፈው 20 ኪሎ ብቻ ነው። በጂኤል1800 ጎልድ ዊንግ እያንዳንዱ ሳጥን የሚፈቀድለት ጭነት 9 ኪሎ ነው። ሦስቱን ሳጥኖች እስከተፈቀደው ድረስ ብንሞላቸው 27 ኪሎ ይሆናል፤ በእኛ ስሌት ግን 7 ኪሎ አልፈናል። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጡት።

አጫጫኑም እንደ በቅሎ ጭነት ነው፤ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ መንገዱን ሙሉ ያስቸግራል። ከባዱን ወደ ታችና ወደ መሐል አድርጉ። ከኋላ ጎማው አልፎ በሚንጠለጠለው ሳጥን ውስጥ ቀላል ነገር ብቻ ይግባ። እዚያ ላይ የተቀመጠ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀልና መሪው ልል እንዲሆን ያደርገዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው የሞላ ልኬት ነው። ሰውና ዕቃ ሲጫን የኋላው ሞላ የተወሰነ ያህል መስመጥ አለበት። ጨርሶ ካልሰመጠ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሬቱን መከተል ያቅተዋል። ከልክ በላይ ከሰመጠ ደግሞ እብጠት ሲያጋጥም መጨረሻው ይመታል። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ሞላው መሄድ ከሚችለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። በጂኤል1800 የኋላ ጎማው የሚንቀሳቀሰው 105 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ሦስተኛው 35 ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው አቁሙትና የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ይንጠልጠል። ከጎማው መሐል ዘንግ በቀጥታ ወደ ላይ፣ በአካሉ ላይ ቁራጭ ናስትሮ ለጥፉና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። 600 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። አሁን ከማቆሚያው ይውረድ። ነጂውና ተሳፋሪዋ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ይቀመጡ፤ ሻንጣውም ይጫን። እግራቸውን መርገጫው ላይ ስለሚያወጡ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ መሪውን ግጥም አድርጎ ይያዝ። ሌላ ሰው ኋላውን ወደ ታች ተጭኖ ቀስ ብሎ ይልቀቀውና ይለካ፤ 552 አገኘ። ከዚያ ኋላውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ቀስ ብሎ ያውርደውና ዳግመኛ ይለካ፤ 560 አገኘ። ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩት በውስጡ ባለው ሰበቃ ምክንያት ነው፤ ሰበቃው ሞላውን ካለበት አካባቢ ያስቀረዋል። ስለዚህ አማካዩን 556 እንወስዳለን። ከ600 ሲቀነስ ስምጠቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። ከ35 በዘጠኝ በልጧል፤ ሞላው ይጥበቅ። ጂኤል1800 ላይ ይህ በአዝራር ይሠራል፤ በሌሎች ላይ በቁልፍ ይዞራል። እስከ መጨረሻው ጠብቆም ልኩ ካልመጣ መፍትሔው ጠንካራ ሞላ መግጠም ነው።

እዚህ ላይ ሰዎቹን ቁጠሩልኝ። ሁለቱ ተቀምጠዋል፣ አንዱ መሪ ይዟል፣ አንዱ ይለካል። ነጂው ወርዶ ልለካ ቢል የሚለካው ክብደት አብሮት ይወርዳል። ይህ ልኬት ለብቻ የሚሆን አይደለም።

ሰዎቹ ሳይበተኑ የፊት መብራቱንም ተመልከቱ። ኋላው ሲሰምጥ ፊቱ ቀና ስለሚል ብርሃኑ ወደ ላይ ይወጣና ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ባዶውን ሳለ ከግድግዳ 7 ወይም 8 ሜትር ርቆ ብርሃኑ ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ተጭኖ፣ ሰው ተቀምጦበት ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ አወዳድሩ። የጎማውን አየር ለሁለት ሰው በተጻፈው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ሙሉ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል ወሰን አለው። ከዚያ ላይ ማቀጣጠያው፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ማራገቢያውና መደበኛ መብራቶቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የእኛ የሚሆነው የተረፈው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዋቱን በቮልቱ ስናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። 90 ዋት የሚጠቀም የሚሞቅ ጃኬት በ13.5 ቮልት ላይ ወደ 6.7 አምፔር ይስባል፤ ለእሱ 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን መብራት ከጨመርን ሌላ 110 ዋት ሄደ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው በመንገዱ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት ሳይነሣ የሚቆርጠው እሱ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ከፍ ያለውን የሚተካ ሰው አትሁኑ። መጀመሪያ ሽቦውን ፈትሹ።

ከዚያ በቴስተር ፈትኑት። ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩን አስነሥታችሁ በደቂቃ ወደ 3000 ዙር አድርሱትና የጨመራችሁትን ሁሉ አብሩ። ከ13.5 በላይ ከቆመ መልካም ነው። ወደ 12.8 እና ከዚያ በታች ከወረደ ከባትሪው እየበላችሁ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ምናልባትም ማደያ ላይ፣ አልነሣም ይላል።

ከ1984 እስከ 1987 በተመረተው ጂኤል1200 ጎልድ ዊንግ ላይ የደረሰው ነገር ይህን ትምህርት ያጠናክረዋል። ከዲናሞው የሚወጡ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች በአንድ የፕላስቲክ መሰኪያ ከቀሪው ጋር ይገናኛሉ። መሰኪያው ሲዝግ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይጠባል፤ የጠበበው ይሞቃል፤ የሞቀው ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ባለቤቶች ያገኙት መድኃኒት መሰኪያውን ቆርጦ መጣልና ሽቦዎቹን በሶልደር በቀጥታ ማያያዝ ነው። የትኛው ቢጫ ከየትኛው ቢጫ ጋር ይገናኝ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሦስቱም ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም። ይህን በጊዜው ያላደረገ ሰው የዲናሞው ጥቅል ሊቃጠልበት ይችላል። ጥቅሉ ያለው ከሞተሩ ኋላ ስለሆነ እሱን ለመለወጥ ሞተሩ ከአካሉ መውረድ አለበት። ያ ደግሞ አንድ ሰው ተሸክሞ የሚያወጣው አይደለም። በዚህ ምክንያት የአንዱ ጋራዥ የብዙዎች ሆነ። አንዱ ክሬን ያመጣል፣ አንዱ ከዚህ በፊት ያወረደ ነው፣ አንዱ ቡሎኖቹን በየተራቸው በካርቶን ላይ ይደረድራል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ የመኪና ዲናሞ በሞተሩ ፊት ገጥመው ከውስጡ ጣጣ ጨርሰው የተገላገሉ አሉ። እኔ ይህን ከማሻሻያዎች ሁሉ ብልህ ከሚባሉት እቆጥረዋለሁ።

ስለ ነፋስ ብዙ የምለው የለኝም። የፊት መስታወቱ ጫፍ ከዓይን በታች ሆኖ መንገዱን በላዩ ብታዩ ይሻላል፤ በዝናብና በሌሊት በፕላስቲክ ውስጥ አሻግሮ ማየት ያደክማል። የሚያንቀጠቅጥ ነፋስ ካለ ጓደኛችሁ ከኋላ ይከተላችሁና ሄልሜታችሁ ሲወዛወዝ ያያል፤ እናንተ ራሳችሁ የምታውቁት አንገታችሁ ከደከመ በኋላ ነው። ከነፋሱ ሌላ፣ መሪውን ከፍ ያደረጋችሁ እንደሆነ ሞተሩን አስነሥታችሁ መሪውን እስከ ግራና እስከ ቀኝ ጫፍ አዙሩ። ሞተሩ በራሱ ድምፁን ከፍ ካደረገ የነዳጁ ገመድ ተወጥሯልና በዚያ ሁኔታ መንገድ አትውጡ።

ተጎታች ጋሪ የሚገጥሙ ብዙዎች ናቸው። የሆንዳ መመሪያ ግን ጋሪ አትጎትቱ ይላል፤ የፍሬኑና የመሪው ባሕርይ ይለወጣልና እኔም ለጀማሪ አልመክርም።

በጋራዥ የበቀለውን ወዳጅነት ወደ ማኅበር ያሳደጉት ሰዎች በ1977 አሪዞና፣ ፊኒክስ ላይ የጎልድ ዊንግ ነጂዎችን ማኅበር መሠረቱ። መርሑ ወዳጅነትን ከደስታ፣ ከደኅንነትና ከዕውቀት ጋር ያያዘ ነበር። በየከተማው ቅርንጫፍ ነበረው፤ ዊንግ ዲንግ የተባለ ዓመታዊ ጉባኤም ያደርግ ነበር። ማኅበሩ በ2022 ተዘጋ። ከሠራቸው ነገሮች አንዱ መንገድ ላይ የተቸገረን ነጂ ለመርዳት ፈቃደኛ የሆኑ አባላትን በየከተማቸው የያዘ መጽሐፍ ነው። በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ የቢኤምደብሊው ሞተር ሳይክል ባለቤቶች ማኅበርም ተመሳሳይ መጽሐፍ አለው። በዚህኛው ላይ የሰው ስም የለም። ከተማው፣ ስልክ ቁጥሩና የሚሰጠውን እርዳታ የሚያመለክቱ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ መሣሪያ አለኝ፣ ጋራዥ አለኝ፣ ማደሪያ አለኝ እንደማለት። ስሙን ሳይጽፍ በሩን የሚከፍት ሰው አስቡ። ከመብራቱም ከሬዲዮውም በፊት ኪሳችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይግባ እላለሁ።

በቡድን ስትሄዱ ከአምስት እስከ ሰባት ብትሆኑ ይበቃል። በአንድ መስመር ውስጥ አንዱ ወደ ግራ፣ ተከታዩ ወደ ቀኝ ሆናችሁ ተሰለፉ፤ ከቀዳሚው አንድ ሰከንድ፣ በቀጥታ ከፊታችሁ ካለው ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ራቁ። ጠመዝማዛ ሲመጣ በአንድ ረድፍ ሁኑ። ልምድ ያለው አንዱ ይምራ፣ ሌላው ልምድ ያለው መጨረሻ ይሁን። ነዳጅ የሚቀዳው ትንሹ ታንክ ያለው ሰው በሚፈልግበት ርቀት ነው።

ሙከራውን በቅርብ መንገድ አድርጉ። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ያላችሁ አንባቢዎች ስካይላይን ድራይቭ ደጃችሁ ላይ ነው። ከፍሮንት ሮያል ጀምሮ በተራራው ጫፍ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ሞላውንም ፍሬኑንም በዝግታ ለመፈተን ይመቻል፤ አጋዘን ግን ተጠንቀቁ። ስትመለሱ የገጠማችኋቸውን ቡሎኖች ሁሉ እንደገና አጥብቁ፣ የሽቦ መገናኛዎቹን በእጃችሁ ዳስሱና የሞቀ ካለ ፍቱት።

በመጨረሻም የጨመራችሁትን ሽቦ ሁሉ በወረቀት ላይ ሣሉ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ፣ ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ጻፉ። የሞላውንም ልኬት ጨምሩበት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመቀመጫው ሥር አኑሩት። በሌሊት፣ በማታውቁት ከተማ ጋራዡን ከፍቶ የሚረዳችሁ ሰው የፋብሪካውን ሽቦ ሊያውቅ ይችላል፤ የእናንተን ግን አያውቅም።