ስለ ጥጥና ስለ መኪና

ጥጥ ከእርሻ ተለቅሞ ልብስ እስኪሆን ድረስ ብዙ ሥራ አለበት። አስቀድሞ ይዳመጣል፥ ማለት ፍሬው ከጥጡ ይለያል፤ ከዚያም ይነደፋል፥ ይፈተላል፤ በመጨረሻም ሸማኔ ይሠራዋል። የቀድሞ ሰዎች ይህን ሁሉ በእጃቸው ያደርጉት ነበረ። በአሜሪካም ሴቶች በየቤታቸው ተቀምጠው ክር ይፈትሉ ነበረ። ይህ የእጅ ሥራ ወደ መኪና በተላለፈ ጊዜ በዚያ አገር ሰዎች ኑሮ ላይ የደረሰው ነገር ለልጆችም ለሽማግሌዎችም ትምህርት ይሆናል። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በውሃ ኃይል የሚዞር የመፍተያ መኪና አስቀድሞ የተሠራው በእንግሊዝ አገር ነው። እንግሊዞችም ጥበቡ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄድ ሲሉ መኪናው እንዳይወጣ፥ የሚያውቀውም ሠራተኛ እንዳይሰደድ በሕግ ከለከሉ። ሳሙኤል ስሌተር የሚባል ወጣት ግን ሥራውን ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሮት ነበርና የመኪናውን አሠራር በልቡ ይዞ በ1789 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም በሮድ አይላንድ የሚኖር ሞዘስ ብራውን የሚባል ባለጠጋ ነጋዴ ተቀበለው። በ1790 ዓ.ም. በፖተኬት መንደር በብላክስቶን ወንዝ ዳር መኪናው መፍተል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ግን ጐልማሶች አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆነ ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። ልጅ የተበጠሰውን ክር በትንንሽ ጣቶቹ ፈጥኖ ይቀጥላልና፥ ደመወዙም ጥቂት ነውና።

ከዚህ ወዲያ ብዙ ጥጥ አስፈለገ። በአሜሪካ ደቡብ በኩል የሚበቅለው ጥጥ ግን ፍሬው እጅግ የተጣበቀ ስለ ሆነ መዳመጡ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበረ። በ1793 ዓ.ም. ኢላይ ዊትኒ የሚባል ብልህ ሰው በጆርጂያ ሳለ የመዳመጫ መኪና ሠራ። አንድ ሰው በዚህ መኪና ከቀድሞው አሥር እጥፍ አድርጎ እንደሚያጸዳ ለአባቱ በደብዳቤ ጻፈለት።

ይህን የሚሰማ ሰው፥ እንግዲህ ጥጡን ይዳምጡ የነበሩት ባሮች ድካማቸው ቀለለላቸው ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። መዳመጡ ፈጥኖ የሚያልቅ በሆነ ጊዜ ጌቶቻቸው ብዙ መሬት አረሱ። ለመኰትኰትና ለመልቀም ግን መኪና አልነበረምና ሌሎች ብዙ ባሮች ፈለጉ። በ1790 ዓ.ም. በአሜሪካ 700,000 ያህል ባሮች ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. ግን 4,000,000 ያህል ሆኑ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ልጅ ከእናቱ፥ ባል ከሚስቱ እየተለየ ወደ አዲሱ የጥጥ አገር ተሸጡ።

ሞዘስ ብራውን ባርነትን የሚጠላ ሰው ነበረ፤ የራሱንም ባሮች በ1773 ዓ.ም. ነጻ አውጥቶ ነበረ። ዳሩ ግን እርሱ የረዳው የመፍተያ ሥራ በአገሩ እየሰፋ በሄደ ጊዜ፥ ፋብሪካዎቹ የሚፈትሉት ጥጥ በባሮች እጅ የተለቀመ ሆነ። ስለዚህ ሰው በገዛ ቤቱ በጎ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ከማን እጅ እንደሚመጣም መጠየቅ ይገባዋል።

በማሳቹሴትስ አገር ደግሞ በሜሪማክ ወንዝ ዳር ሎውል የምትባል የፋብሪካ ከተማ ተቈረቈረች። በ1840 ዓ.ም. በውስጧ ከ20,000 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበረ። በፋብሪካዎቹም የሚሠሩት አብዛኞቹ ከየገጠሩ የመጡ የገበሬ ሴቶች ልጆች ነበሩ። እነዚህ ቈነጃጅት የራሳቸውን ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ከደመወዛቸው ቈጥበው ወንድሞቻቸውን ያስተምሩ ነበረ። ነገር ግን በማለዳ በደወል ተጠርተው ይገባሉ፤ በቀን ከ12 ሰዓት በላይም ይሠራሉ። የመኪናው ጩኸት ጆሮ ያደነቍራል፤ የጥጡም ብናኝ ደረትን ይጐዳል።

ከእነርሱ አንዲቱ ሉሲ ላርኮም ናት። አባትዋ ስለ ሞተ በ11 ዓመትዋ ገደማ ወደ ፋብሪካ ገብታ ክር የሞላውን ቀሰም እያነሣች ባዶውን ትተካ ነበረ። መጽሐፍ ወደ ፋብሪካ ማግባት ክልክል ነውና ከጋዜጣ የቈረጠቻቸውን ግጥሞች በመስኮቱ ዳር ለጥፋ ሥራ ሲቀልላት ታነብ ነበረ። ኋላም አስተማሪና ደራሲ ሆነች፤ በ1889 ዓ.ም. የልጅነትዋን ታሪክ በመጽሐፍ ጻፈች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው የሎውል ሴቶችም ተባበሩ። በ1834 ዓ.ም. ደመወዛቸው ሊቀነስ በሆነ ጊዜ ብዙዎቹ ሥራቸውን ትተው ወጡ፤ ያን ጊዜ ግን አልተሳካላቸውም። በ1845 ዓ.ም. ሣራ ባግሊና ባልንጀሮችዋ የሥራው ጊዜ በቀን 10 ሰዓት እንዲሆን ለአገሩ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ምክር ቤቱ ሰማቸው እንጂ አልፈቀደላቸውም። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ይህን ለሴቶችና ለልጆች በሕግ የወሰነው በ1874 ዓ.ም. ነው። ባርነትም በአሜሪካ በሕግ የተሻረው ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. ብዙ ደም ከፈሰሰበት ጦርነት በኋላ ነው። የልጆችን የፋብሪካ ሥራ በመላው አገር የሚወስነው ሕግ ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ወጣ።

በእነዚህ ፋብሪካዎች የተሠራው ልብስ ሩቅ አገር ደርሷል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ይገባ የነበረው አቡጀዲ የአሜሪካ ልብስ ነበረ። ልብሱን ገዝቶ የለበሰ ሰው ጥጡን የለቀመውንና ክሩን የቀጠለውን አላየም።

ልጆች ሆይ፥ መኪና የሰውን ጕልበት ያሳርፋል፤ ብዙ ልብስም በጥቂት ዋጋ እንዲገኝ ያደርጋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያረፈው ጕልበት የማን እንደ ሆነ፥ የተጨመረውም ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደ ወደቀ መኪናው አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቅ ሰው ነው። በአሜሪካ ጠያቂዎች እስኪበዙና ሕግ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ፤ በዚያም መካከል ብዙ ልጆች ትምህርት ሳይማሩ አደጉ። ስለዚህ አዲስ ጥበብ ባያችሁ ጊዜ ጥቅሙን አድንቁ፤ ዳሩ ግን በእርሱ የሚደክመውን ሰው ፈልጋችሁ እዩ፥ ድምፁንም ስሙ።