ልጃችሁ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው? ስለ ቪአር መነጽርና ስለ ልጆች ፍርሃት



ልጃችን ቶንሲል ወይም ሄርኒያ ኦፕራሲዮን ይደረጋል ሲባል እኛ የምንጨነቀው ስለ ቀዶ ሕክምናው ነው። ልጁ የሚፈራው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማስክ ያደረጉ የማያውቃቸው ሰዎች፣ እንግዳ ክፍል፣ ከእናቱ መለየት።

ይህ ፍርሃት "ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከኦፕራሲዮን በፊት በጣም የፈሩ ልጆች በኋላም ሕመሙ ይበረታባቸዋል፤ ቤት ከገቡ በኋላ እንቅልፍ የሚያጡም አሉ።

ቪአር ምንድን ነው?

ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ቪአር፣ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ነው። ልጁ ወዴትም ቢዞር የሚያየው ሌላ ዓለም ነው።

ሕመምን እንዴት ይቀንሳል?

ሕመም ትኩረት ይፈልጋል። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ማልቀስ የሚጀምረው ደሙን ሲያይ አይደል? በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ሐሳብ ስኖው ወርልድ የተባለ ጌም ሠሩ። የተቃጠለ ታካሚ ቁስሉ ሲጸዳለት እሱ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ጌሙን ሲጫወቱ ከሕመም ጋር የተያያዘው የአንጎል እንቅስቃሴ ቀንሶ በኤምአርአይ ታይቷል።

ፍርሃትንስ?

እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት ከ4 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው 69 ልጆች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ፖሮሮ ከተባለው የካርቱን ፔንግዊን ጋር ኦፕራሲዮን ክፍሉን ለ4 ደቂቃ በቪአር ጎበኙ። ሰመመን ከመውሰዳቸው በፊት ሲለካ ፍርሃታቸው ካልጎበኙት ያነሰ ነበር።

ተአምር ግን አይደለም። በ2019 በታተመና 191 ልጆች በተሳተፉበት የኔዘርላንድ ጥናት ፍርሃቱ አልቀነሰም። ሆኖም ጠንከር ያለ ሕመም ያለው ኦፕራሲዮን ከተደረጉት መካከል፣ ቪአር ያዩት ተጨማሪ ማስታገሻ ያስፈለጋቸው ካላዩት ባነሰ ቁጥር ነው።

ልብ በሉ! ቪአር ሰመመንንም ማስታገሻንም አይተካም። ማዞርና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

መነጽሩ ከሌለስ?

የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ልጁ የሚገጥመውን አስቀድሞ ማወቁና ሐሳቡ በሌላ ነገር መያዙ። ሁለቱንም እናንተ ማድረግ ትችላላችሁ።

👉 እውነቱን በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። "ትተኛለህ፤ ስትነሳ ጉሮሮህን ያምሃል፣ ግን መድኃኒት ይሰጡሃል" በሉት። ሽርሽር ነው ብላችሁ አትውሰዱት።

👉 "ካስቸገርክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል" የሚለው ማስፈራሪያ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

👉 የሚወደውን ካርቱን ወይም ጌም ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ አትመኑ። እስከ የት ይዞት መግባት እንደሚችል ሰመመን ሰጪውን ጠይቁ።

👉 እናንተም ተረጋጉ። ልጅ መጀመሪያ የሚያየው የወላጁን ፊት ነው።

👉 ከኦፕራሲዮን በኋላ የታዘዘውን ማስታገሻ በሰዓቱ ስጡት። ካርቱን እያየ ዝም አለ ማለት አላመመውም ማለት አይደለም።

ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጤና!