መስኮት፣ ብርድና የታካሚ ደኅንነት

የሆስፒታል ሕንፃ አሠራር ለታካሚ ምቾትም ለበሽታ መከላከልም ወሳኝ ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስን የያዙ ጥቃቅን ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ይቆያሉ፤ ትይዩ መስኮቶች ሲከፈቱ ግን ነፋሱ ጠርጎ ያስወጣቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስኮትና በበር ብቻ አየር በሚያገኝ መኝታ ክፍል፣ ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር እንዲዳረስ ይመክራል።

በጎንደር ከተማ፣ ይልቁንም በደባርቅና በአካባቢው ደጋ፣ የሌሊቱ ብርድ ይከብዳል። አስታማሚ «ሕመምተኛውን ብርድ እንዳይመታው» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ድርጊቱ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም፣ በአቅራቢያው ያሉትን ታካሚዎችና አስታማሚውን ራሱን ለበሽታ ያጋልጣል።

ስለዚህ ታካሚው ሳይበርደው ክፍሉ አየር እንዲያገኝ የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• አልጋዎች ነፋስ በቀጥታ ከሚያገኛቸው ቦታ ፈቀቅ ይበሉ፤
• ከጣሪያ አጠገብ ያሉ መስኮቶች ሌሊትም ክፍት ይሁኑ፤
• ለታካሚው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይቅረብለት፤
• ሳል ያለባቸው ተገልጋዮች በተለየ በር ይግቡ፤ ተራ የሚጠብቁትም ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ተራርቀው ይሁን፤
• በቤት ውስጥ ለሚታመም ሰውም መስኮት ይከፈት፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ሕይወት ያጠፋልና ፈጽሞ አይደረግ።

መስኮቱ የሚከፈትበት ምክንያት አስቀድሞ ለታካሚውና ለአስታማሚው ይነገር። ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ባለሙያው ዞር ሲል መልሶ ይዘጋዋል፤ የተረዳ ግን ራሱ ይጠብቀዋል።