ሕፃናትና የግድግዳ እንሽላሊት

ከውጫሌ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ባለችው በውርጌሳ፥ ሲመሽ መብራት ከሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አንዲት ታናሽ እንሽላሊት ብቅ ብትል ሕፃኑ ድንጋይ ያነሣል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ መርዘኛ ናት እያልን ያስፈራራነው እኛ ወላጆች ነንና። እርስዋ ግን መርዝ የላትም፤ ምግብዋም የእሳት እራትና ትንኝ ነው። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 30 ከምድር ታናናሽ ጥበበኞች ጋር ቈጥሮአታል።

ልጁ የእኔ ብሎ ሊያሳድጋት ቢወድ በጣሳ እንዳይዘጋባት እንንገረው፤ በዚያ አድና መብላት አትችልምና ትሞታለች። ጅራትዋንም አይያዝ። በፈራች ጊዜ ቈርጣ ትጥለዋለች፤ ሌላ ቢበቅልላትም በውስጡ ለክፉ ቀን ያከማቸችውን ስብ ታጣለች። ምናልባት ቢነካት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የሆድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ በቆዳዋ ላይ ሊኖር ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አብረነው ተቀምጠን ማሳየት ነው። የዐይን ቆብ ስለሌላት ዐይንዋን በምላስዋ ትጠርጋለች፤ በእግርዋም ጣቶች ሥር ባሉት እጅግ ረቂቅ ጠጕሮች ለስላሳውን ግድግዳ ይዛ ትወጣለች። ይህን አንድ ምሽት በዝምታ የተመለከተ ልጅ፥ በማግሥቱ ማንም ሳይጠራው ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል።