ራሱን በራሱ ስለሚያጎርስ የረሽ ጠመንጃ አያያዝ

ረሽ ጠመንጃ ለቆቅና ለጅግራ አደን የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ረሽ በተከፈተ ጊዜ የጥይት ማደሪያዎቹ ወለል ብለው ስለሚታዩ፥ ባዶ መሆኑን ማወቅ አያስቸግርም። ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው ግን ጥይቱን በሆዱ ስለሚደብቅ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በዚህ ዓይነት መሣሪያ ቀዳሚውና የታወቀው፥ አሜሪካዊው ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1900 የፈጠራ መብት ያገኘበት «አውቶ 5» ነው። ከ1902 ጀምሮም በቤልጅግ አገር በኤርስታል ይሠራ ነበር። ቁጥሩ የሚይዘውን ጥይት ያመለክታል፤ አራቱ ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ፥ አንዱ በበርሜሉ ማደሪያ ይቀመጣሉ።

ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ሲተኮስ፥ ግፊቱ በርሜሉንና መዝጊያውን አንድ ላይ ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። በርሜሉ በሞላ ኃይል ቀድሞ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ መዝጊያውም አዲስ ጥይት እየገፋ ይከተላል። ይህ ሁሉ በቅጽበት ይፈጸማል። ስለዚህ ቀለህ መውደቁ፥ ጠመንጃው ለሌላ ተኩስ መሰናዳቱን እንጂ ባዶ መሆኑን አያስረዳም። ባለ ጠመንጃ ሁሉ ከዚህ በታች ያሉትን ደንቦች መጠበቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ጠመንጃ በዓይን ታይቶ በጣት ተዳስሶ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። ዒላማውና ከዒላማው በስተ ጀርባ ያለው እስኪለይ ድረስም ጣት ምላጩን አይነካም። የምላጩ መቆለፊያ ሊበላሽ የሚችል ብረት ስለሆነ፥ እርሱን ብቻ ማመን አይገባም።

2ኛ፤ የጥይቱ ቁጥር በበርሜሉ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ ይሁን። ቁጥሩ ሲበዛ ጥይቱ ይቀጥናል። በ12 ቁጥር ረሽ የገባ የ20 ቁጥር ጥይት ወደ ፊት ተንሸራትቶ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ከኋላው የ12 ቁጥር ጥይት ቢተኮስ በርሜሉ ፈንድቶ የተኳሹን እጅ ሊቆርጥ ይችላል።

3ኛ፤ የተኩሱ ድምፅ ከወትሮው ካነሰ፥ በርሜሉ ውስጥ የተወተፈ ነገር ሊኖር ይችላል። ቀጣዩ ጥይት ራሱ ጎርሶ ሊሆን ይችላልና ምላጩ እንደገና አይሳብ፤ ጠመንጃው ባዶ ከተደረገ በኋላ በርሜሉ ይመርመር። ጭቃና አፈር በገባበትም ጊዜ እንደዚሁ ይደረግ።

4ኛ፤ ጥይት ከከሸፈ፥ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰኮንድ መቆየት፥ ከዚያም ጥይቱን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና።

5ኛ፤ ባዶ በሚደረግበት ጊዜ፥ ማቀባበያው አንድ ጊዜ ቢሳብ አንዱ ጥይት ይወጣል፤ ከቱቦው ግን ሌላው ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው እስኪያልቅ ድረስ ይወጣ፤ በመጨረሻም መዝጊያው ክፍት እንደ ሆነ ማደሪያውና ቱቦው በጣት ይዳሰሱ። ከመኪና ከመግባት፥ አጥር ከመሻገርና ከመወልወል በፊት ይኸው ይፈጸም።

በቤት ውስጥ ጠመንጃው ባዶውን ተቆልፎበት፥ ጥይቱም በሌላ ሥፍራ ተቆልፎበት ይቀመጥ። ሕፃን ልጅ አባቱ ሲያቀባብል አይቶ ያንኑ ለማድረግ ጊዜ አይፈጅበትም፤ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አንድ ጥይት ግን ሊያውቅ አይችልም። ይህን ማወቅና መመርመር የባለ ጠመንጃው ፈንታ ነው።