የፍየል እከክ፤ መጀመሪያ የመጣውንና ተከትሎ የመጣውን ምልክት ስለ መለየት

ገበሬዎች ሆይ፤ የፍየላችሁ ጠጕር ረግፎ፥ ቆዳዋም ቅርፊት ለብሶ ብታዩ፥ ሕመሙ ቅርፊቱ እንዳይመስላችሁ። ቅርፊት ተከታይ ምልክት ነው።

የእከክ ተባይ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። ቆዳን ሰርስሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ትንንሽ ቀይ ሽፍታ ነው። ፍየሏ ስለሚያሳክካት በአጥርና በግንድ ትታከካለች። በዚህ ጊዜ ጠጕሯ ይረግፋል፤ ቆዳዋ ይላጣል፤ የወጣው ፈሳሽ ደርቆ ቅርፊት ይሆናል። ሲቆይም ቆዳዋ ይወፍራል፤ ይሸበሸባል። መግል ከያዘ በቍስሉ ሌላ ጀርም ገብቷል ማለት ነው።

መግሉን ብቻ ብታክሙ ተባዩ ይቀራል፤ መንጋውን ያዳርሳል፤ የቆዳውም ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ ከጆሮና ከፊት ጀምራችሁ፥ ጠጕሩን ገለጥ አድርጋችሁ፥ ከአሮጌው ቅርፊት ይልቅ አዲስ የተነካውን ዳር ተመልከቱ።

የልማት ሠራተኞችም፥ ናሙና ሳይወሰድ ቅባት እንዳይቀባ አስጠንቅቁ። ናሙናው ከቍስሉ ዳር ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከመድኃኒቱ የተረፈ እንቍላል ኋላ ስለሚፈለፈል፥ ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ሕክምናው ይደገም፤ አብረው የዋሉትም ሁሉ ይታከሙ። እከኩ ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ፥ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።