ከሞተር እስከ ጎማ፦ የመኪና የጎማ ዘንጎችና መጋጠሚያዎቻቸው እንዴት ይሠራሉ?

የመኪና ሞተር የሚያመነጨው ኃይል ጎማው ዘንድ እስካልደረሰ ድረስ መኪናውን አንዲት ስንዝር አያንቀሳቅስም። ኃይሉ በካምቢዮ በኩል አልፎ፣ በዲፈረንሻል አማካይነት ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ፣ በመጨረሻ በሁለት የብረት ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይተላለፋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምትታየው ቶዮታ ቪትዝም ሆነች በአሜሪካ ከተሞች ለታክሲ ሥራ የምትውለው ቶዮታ ካምሪ በፊት ጎማቸው የሚሳቡ መኪኖች ናቸው። በእንዲህ ዓይነቶቹ መኪኖች የጎማ ዘንጎች የሚሸከሙት ኃላፊነት ከፍተኛ ነው። ብልሽታቸውም ቀድሞ ምልክት የሚሰጥ በመሆኑ፣ አሠራራቸውን የተረዳ አሽከርካሪ ገንዘቡንም ደኅንነቱንም መጠበቅ ይችላል።

ዘንጉ የተጣለበት ሥራ

ሞተሩና ካምቢዮው ከመኪናው አካል ጋር የታሰሩ ናቸው። ጎማው ግን በሞላው ላይ ተንጠልጥሎ ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ጊዜ በካምቢዮውና በጎማው መካከል ያለው ርቀትም ሆነ ማዕዘን ይለዋወጣል። የፊት ጎማ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ መሪው ሲዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ቀጥ ያለና መታጠፊያ የሌለው ዘንግ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ ሊያስተናግድ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘንግ በሁለቱም ጫፎቹ መጋጠሚያ አለው። በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዘንጎችና አራት መጋጠሚያዎች ይገኛሉ ማለት ነው።

የጭነቱን መጠን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አንድ አነስተኛ ሞተር 150 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያመነጫል እንበል። የአንደኛ ማርሽ ብዜት 3.5፣ የዲፈረንሻሉ ብዜት ደግሞ 4 ቢሆን፣ በሰበቃ የሚባክነውን ትተን፣ ከዲፈረንሻሉ የሚወጣው ኃይል 2,100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዱ ዘንግ 1,050 ኒውተን ሜትር ይደርሰዋል። ይህም 107 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ከሚፈጥረው ኃይል ጋር ይስተካከላል። መጋጠሚያው ይህን ኃይል እየታጠፈ፣ እየተሽከረከረና እየተንቀጠቀጠ ማስተላለፍ ይጠበቅበታል።

ክሮቸራ ለምን አልበቃም?

ማዕዘን ሠርተው የሚገናኙ ሁለት ዘንጎችን የሚያያይዘው ጥንታዊ መሣሪያ በኢትዮጵያ ጋራዦች ከጣሊያንኛ በተወሰደው ስሙ ክሮቸራ ይባላል። ይህ መጋጠሚያ ስሙ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ምሁር ጂሮላሞ ካርዳኖና ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ሁለት ሹካ መሰል ብረቶች በመስቀል ቅርጽ በተሠራ አካል ይያያዛሉ። ጠንካራና ቀላል በመሆኑ እስከ ዛሬ በጭነት መኪኖችና በኋላ ጎማቸው በሚገፉ ሚኒባሶች ሥር ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ክሮቸራ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለው። ሁለቱ ዘንጎች ማዕዘን ሲሠሩ፣ አስገቢው ዘንግ በቋሚ ፍጥነት ቢሽከረከርም እንኳ ተቀባዩ ዘንግ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ሲሆንና አስገቢው ዘንግ በደቂቃ 100 ጊዜ ሲዞር፣ የተቀባዩ ፍጥነት በ87ና በ115 መካከል ይዋልላል። በኋላ ጎማ በሚገፉ መኪኖች ማዕዘኑ አነስተኛ ነው፤ በዘንጉ ሁለት ጫፎች በትክክል የተገጠሙ ሁለት ክሮቸራዎችም አንዱ የሌላውን መዋዠቅ ያጠፋሉ። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከ40 ዲግሪ በላይ ሊታጠፍ በሚችለው የፊት ጎማ ላይ ግን ችግሩ ጎልቶ ይወጣል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎማውም በመደዳ እየተገፋና እየተያዘ ይሄዳል።

የስድስቱ ኳሶች ብልሃት

መፍትሔው የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ነው። በፈረንሳይ ዣን አልበር ግሬጓርና ፒየር ፈናይ ትራክታ የተባለውን መጋጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አስተዋወቁ። በዚያው ዘመን በአሜሪካ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ርዜፓ በብረት ኳሶች የሚሠራ መጋጠሚያ ፈለሰፈ። የርዜፓ ሐሳብ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ በቀረበችው ሚኒ በተባለችው የብሪታንያ አነስተኛ መኪና ላይ ከተገጠመ በኋላ በፊት ጎማ የሚሳቡ መኪኖች በዓለም እንዲስፋፉ ትልቅ ድርሻ አበርክቷል። ዛሬ በተለምዶ ሲቪ ጆይንት የሚባለው ይህ የመጋጠሚያ ዓይነት ነው፤ ትርጉሙም ፍጥነትን ሳያዛባ የሚያስተላልፍ መጋጠሚያ ማለት ነው።

በጎማው በኩል ያለው የውጭ መጋጠሚያ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለ ስድስት ቦይ የተቀረጸበት የውስጥ አካል፣ በውስጡ ተመሳሳይ ቦዮች ያሉት ደወል መሰል የውጭ አካል፣ በቦዮቹ መካከል የሚቀመጡ ስድስት የብረት ኳሶች፣ እንዲሁም ኳሶቹን በየመስኮቱ ይዞ በአንድ ረድፍ የሚያቆም ቀለበት ናቸው። ዘንጉ ሲታጠፍ ቦዮቹና ቀለበቱ ኳሶቹን ምንጊዜም ማዕዘኑን እኩል ለሁለት በሚከፍለው ገጽ ላይ ያቆማሉ። በዚህ ገጽ ላይ ያለ ማንኛውም ኳስ ከሁለቱም ዘንጎች የመሽከርከሪያ መስመር እኩል ይርቃል። ርቀቱ እኩል ከሆነ ሁለቱ ዘንጎች በእኩል ፍጥነት ከመዞር ሌላ አማራጭ የላቸውም።

በካምቢዮው በኩል ያለው የውስጥ መጋጠሚያ ደግሞ በአብዛኛው ሦስት ክንድ ያለው ነው። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ የሚሽከረከር ጥቅል ተገጥሟል፤ ጥቅሎቹም በሦስት ቀጥ ያሉ ቦዮች ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታሉ። የውስጡ መጋጠሚያ እንደ ውጭው ብዙ አይታጠፍም፤ ዋና ሥራው ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ እንዲረዝምና እንዲያጥር መፍቀድ ነው።

ጥበቃው በላስቲክ ላይ ነው

ኳሶቹ በቦያቸው ውስጥ የሚሠሩት በከፍተኛ ጫና ስለሆነ ልዩ ግራሶ ያስፈልጋቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተቀላቀለበት ነው። ግራሶውን የሚይዘው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የላስቲክ ሽፋን ነው። ከመላው ዘንግ ዋጋው አነስተኛ የሆነው ይህ ሽፋን የዘንጉን ዕድሜ ይወስናል። ሽፋኑ ሲቀደድ ዘንጉ በሽክርክሪቱ ግራሶውን ወደ ውጭ ይረጨዋል፤ በምትኩ ውኃ፣ አቧራና አሸዋ ይገባሉ። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሙቀቱና አሸዋው ጉዳቱን ያፋጥኑታል።

ምልክቶቹን ማንበብ

በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ጥቁር ግራሶ ከታየ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ይቻላል። መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ ተከታታይ የ“ቀጭ ቀጭ” ድምፅ ከተሰማ የውጭ መጋጠሚያው መበላቱን ያመለክታል። በቀጥታ መንገድ ነዳጅ ሲሰጥ የሚጀምርና እግር ሲነሳ የሚቀንስ ንዝረት ደግሞ ወደ ውስጥ መጋጠሚያው ያመለክታል። ንዝረቱ ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን አስቀድሞ የጎማ ሚዛን መመርመር አለበት።

ሽፋኑ ተቀዶ ድምፅ ገና ካልተሰማ፣ መጋጠሚያውን አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶና ሽፋኑን ቀይሮ ማዳን ይቻላል። ድምፁ ከጀመረ በኋላ ግን ግራሶ መጨመር የተበላውን ብረት አይመልሰውም፤ መጋጠሚያውን ወይም ሙሉ ዘንጉን መቀየር ግድ ይሆናል። በሥራው መጨረሻ በጎማው መሐል የሚታሰረው ትልቅ ዳዶ አምራቹ ባወጣው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ መጥበቅ አለበት። ብዙ አምራቾች ይህ ዳዶ በተፈታ ቁጥር በአዲስ እንዲተካ ያዝዛሉ።

ዘንጉ ቢለያይስ?

ተራ ዲፈረንሻል ባለው መኪና ላይ አንደኛው ዘንግ ቢሰበር ወይም ከመጋጠሚያው ቢወጣ፣ የተለያየው ወገን በባዶ ይሽከረከራል፤ ጤነኛው ጎማ ኃይል ስለማይደርሰው መኪናው ይቆማል። ከዚህ የባሰው አደጋ ግን የሚመጣው መኪናው በቆመበት ነው። በአውቶማቲክ መኪኖች ላይ “ፒ” የሚለው ማርሽ የሚቆልፈው በካምቢዮው ውስጥ ያለውን አካል እንጂ ጎማውን አይደለም። አንዱ ዘንግ ከተለያየ ዲፈረንሻሉ ሌላውን ጎማ በነፃ እንዲዞር ስለሚፈቅድ፣ በፊት ጎማ የሚሳበው መኪና “ፒ” ላይ እያለ በዳገት ሊንሸራተት ይችላል። በቀጥታ ጎማን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ነው። ስለዚህ በተዳፋት ቦታ ሁሉ የእጅ ፍሬን መያዝ ይገባል።

ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የተሸጋገሩ አሽከርካሪዎችም ከዚህ ጉዳይ ነፃ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ገና ከመነሻው ስለሚሰጥ፣ ፍጥነት ሲቀንስም ኃይሉ በዚያው ዘንግ ተመልሶ ባትሪውን ስለሚሞላ፣ መጋጠሚያዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራሉ። የመኪናው ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ ለዘይት ለውጥ ወይም ለጎማ ቅያሪ በተነሳ ቁጥር አራቱንም የላስቲክ ሽፋኖች በባትሪ መብራት መመልከት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።